ዕንባ ምስክር ይሆናልን?

«ዋሺንግተን ፖስት» የተባለው የአሜሪካ ጋዜጣ በ2009 ዓ.ም. በመጽሔቱ ላይ አንድ ረዥም ጽሑፍ አወጣ። (በዚህ ሐተታ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ሕጋችንን ከሚመለከተው በቀር፣ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ደራሲው ጂን ዋይንጋርተን ነው። ሰውዬው አንባቢን በማሣቅ የታወቀ የጋዜጣ ጸሐፊ ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ የመረጠው ነገር ከሣቅ እጅግ የራቀ ነው፤ ልጆቻቸውን በመኪና ውስጥ ረስተው በሙቀት ስላጡ ወላጆች ይናገራል። በተከታዩ ዓመት የፑሊትዘርን ሽልማት አግኝቶበታል። ሽልማቱ የሚገባው መሆኑን አልጠራጠርም። ይሁን እንጂ ጽሑፉ አንባቢውን የሚመራበት መንገድ አንድ ቦታ ላይ የሚያሠጋ ሆኖ ስላገኘሁት፣ ስለ እርሱ ጥቂት ለመናገር ወደድሁ።

አስቀድሞ ስለ አርእስቱ። በእንግሊዝኛው «ፌታል ዲስትራክሽን» ይባላል፤ «ገዳይ መዘናጋት» ብለን ልንመልሰው እንችላለን። ነገር ግን መዘናጋት፣ መርሳትና ቸል ማለት በቋንቋችን ሦስት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። የተዘናጋ ሰው ሊጠብቀው የሚገባውን እያወቀ ለጊዜው ልቡን ወደ ሌላ የሰጠ ነው። ቸል ያለ ሰው ዐውቆ የተወ ነው፤ በቃሉ ውስጥ ፈቃድ አለበት። የረሳ ሰው ግን ነገሩ ከልቡ ጠፍቶበታል፤ መጥፋቱንም አያውቅም፤ የሚያውቅ ቢሆንማ ረሳ ባልተባለ ነበር። ዋይንጋርተን በአርእስቱ የመጀመሪያውን ቃል ቢመርጥም፣ ሙግቱ በሙሉ ስለ ሦስተኛው ነው። በየፍርድ ቤቱና በየጎረቤቱ የሚነሣው ክርክርም ቢመረመር፣ ለአንድ ድርጊት ከነዚህ ከሦስቱ ቃላት የትኛው ይገባዋል ከማለት የራቀ አይደለም።

ጽሑፉ የሚጀምረው በቨርጂንያ ግዛት፣ ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በፌርፋክስ ካውንቲ ችሎት ነው። ተከሳሹ ግዙፍ ሰው ነው። በ2008 ዓ.ም. በጋ፣ ከሩስያ በጉዲፈቻ ያመጣውን ሕፃን ወደ መዋያው ያደረሰ መስሎት ወደ ሥራው ገባ፤ ሕፃኑ ግን በኋላ ወንበር ላይ እንደ ታሰረ ቀርቶ ነበር። ደራሲው የሰውየውን ልቅሶ ያሳየናል፤ ከኋላ የተቀመጡ ሁለት ሴቶችንም ያሳየናል፤ እነርሱም በተመሳሳይ አደጋ ልጅ ያጡ እናቶች ናቸው። ዳኛው በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ተከሳሹን በነፃ አሰናበቱት። (የሩስያ መንግሥት በ2012 ዓ.ም. አሜሪካውያን የሩስያን ሕፃናት በጉዲፈቻ እንዳይወስዱ የሚከለክል ሕግ ሲያወጣ፣ ሕጉ በሕዝብ ዘንድ በዚሁ ሕፃን ስም ተጠርቷል። የአንድ አባት ስሕተት የሁለት መንግሥታት ጠብ መሣሪያ እስከ መሆን ደረሰ።)

ከሁሉ የሚበልጠው የጽሑፉ ክፍል ከነዚያ ከሁለቱ እናቶች የአንደኛዋ ታሪክ ነው። እዚህ ላይ ደራሲው ምንም አያጋንንም፤ ጥቃቅን ነገሮችን ብቻ እያነሣ ይደረድራል። ሕፃኑ ጉንፋን ይዞት ሌሊቱን አልተኛም፤ ስለዚህ ጠዋት በመኪና ውስጥ እንቅልፍ ወሰደው። ወትሮ የሚቀመጠው እናቲቱ ዞር ስትል ልታየው በምትችልበት በኩል ሲሆን፣ ያን ቀን ግን ከእርሷ ጀርባ ነበር። የዕለቱ ጉዞ እንደ ዘወትሩ አልነበረም፤ ባሏንም ወደ ሥራው ማድረስ ነበረባት። በመንገድ ላይ ስለ ሌላ ጉዳይ በስልክ ትነጋገር ነበር። ሕፃኑን የምትጠብቀው ሴት የት ቀራችሁ ብላ ብትደውልም፣ የእጅ ስልኩ ከቦርሳ ውስጥ ሲጮኽ የሰማው አልነበረም። ከነዚህ አንዱ እንኳ ቢጐድል ልጁ በሕይወት በኖረ ነበር። አንባቢው አንዱን ካነበበ በኋላ ሌላውን ለማንበብ እየፈራ ይሄዳል፤ እያንዳንዱ ነገር በራሱ ቤት በየዕለቱ የሚሆን ነውና።

ስለ አእምሮ የሚናገረው ክፍል አጭርና ግልጽ ነው። በደቡብ ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ዴቪድ ዳይመንድ እንዳስረዱት፣ የለመድነውን መንገድ ሳናስብ የሚያስኬደን የአንጎል ክፍልና የዕለቱን አዲስ ጉዳይ የሚያስታውሰን ክፍል የተለያዩ ናቸው። ድካም፣ ጭንቀትና የልማድ መለወጥ በተገናኙ ጊዜ የመጀመሪያው ሁለተኛውን ይረታዋል። አእምሮም ሥራው የተፈጸመ ያስመስላል፤ ወላጁ ልጁን ማድረሱን አይጠራጠርም። አንዳንድ ሰው የሚወደውን እንዴት ይረሳል ሲል፣ የማስታወስ ኃይል በፍቅር መጠን የሚሠራ መስሎት ነው። ልማዱም ቢሆን ብዙ ዘመን የለውም፤ በግጭት ጊዜ የሚነፋው ኤርባግ ሕፃናትን የሚጐዳ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ በ1990ዎቹ ልጆች ወደ ኋላ ወንበር እንዲዛወሩ ተደረገ። ከአንዱ አደጋ ለማዳን የተወሰደ እርምጃ ሕፃኑን ከአሽከርካሪው ዓይን አራቀው።

ይህ የበረሃ አገር ጉዳይ ብቻ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር፣ በ2005 ዓ.ም. በአሜሪካ የታተመ አንድ የምርምር ጽሑፍ የውጭው አየር 22 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብቻ በሆነበት ቀን እንኳ የተዘጋ መኪና ውስጡ በአንድ ሰዓት ወደ 22 ዲግሪ ያህል እንደሚጨምር፣ ከጭማሪውም አብዛኛው በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት እንደሚሆን አስረድቷል። መስኮቱን በጥቂቱ መክፈት የሚያመጣው ለውጥ እምብዛም ነው። 22 ዲግሪ ማለት የአዲስ አበባ ተራ ቀን ነው።

እንግዲህ ወደ ነቀፌታዬ ልምጣ። ዋይንጋርተን ወላጆቹን ነፃ የሚያወጣው በእውቀት ይመስላል፤ በእውነቱ ግን የሚያወጣው በዕንባ ነው። ስለ አንጎል ከመናገሩ በፊት አባትየው ሲያለቅስ አሳይቶናል፤ እኛም ፍርዳችንን በዚያው ሰጥተናል። ከላይ ያነሣኋት እናት ጠንካራ ሴት ናት፤ በሰው ፊት አትሰበርም፤ ለራሴ የማደርገው ይቅርታ የለም፣ ሆን ብዬ ያደረግሁት አይደለምና የምትል ናት። ደራሲው ይህ ጠባይዋ ሰዎችን እንደሚያስከፋ አስተውሏል። ነገር ግን በክርክሯ ላይ የሚያጐላው ምንድን ነው? ጠበቃዋ በአደጋው ሰዓት በስልክ ተቀርጾ የቀረውን ጩኸቷን ለጁሪው ማሰማቱን ነው። ጁሪውም ሰምቶ አሰናበታት። እኔም ሳነበው ልቤ ተነክቷል። ሆኖም ያ ድምፅ ሳይቀረጽ ቢቀር ኖሮ ሴቲቱ በሠራችው ነገር ላይ ምን ይለወጥ ነበር?

የዚህ ጥያቄ መልስ ከአምስት ዓመት በኋላ በጆርጅያ ግዛት መጣ። በሰኔ 2014 ዓ.ም. አንድ አባት የ22 ወር ልጁን ይዞ ቁርስ ከበላ በኋላ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄደ፤ ሕፃኑ ሰባት ሰዓት ያህል በመኪናው ውስጥ ቀርቶ ሞተ። ሰውየው ሲጮኽ የሰሙ ምስክሮች ነበሩ፤ ፖሊሶች ግን ኀዘኑ የውነተኛ ኀዘን አልመሰላቸውም። ቀጥሎ የግል ኑሮው ተመረመረ። በሚስቱ ላይ ይወሰልት እንደ ነበር፣ በዚያው ቀን እንኳ ከሴቶች ጋራ ነውረኛ መልእክት ይለዋወጥ እንደ ነበር፣ ከነዚህም ለአካለ መጠን ያልደረሰች እንደ ነበረችበት ታወቀ። ዐቃቤ ሕግ ከትዳሩ ለማምለጥ ሲል ልጁን ሆን ብሎ ገደለ ብሎ ተከራከረ፤ በ2016 ዓ.ም. ጁሪው በነፍስ ግድያ ጥፋተኛ ነው አለው፤ ዕድሜ ልክም ተፈረደበት። በሰኔ 2022 ዓ.ም. የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስድስት ለሦስት በሆነ ድምፅ የግድያውን ፍርድ ሻረ። የቀረበው ማስረጃ ለፍርድ አይበቃም አላለም፤ የሰውየውን ብልግና የሚገልጸው ክምር ማስረጃ ግን ጁሪውን ከተገቢው በላይ ስላነሣሣ ፍርዱ ሊጸና አይችልም አለ። በሴቲቱ ልጅ ላይ ስለ ሠራው ወንጀል የተፈረደበት ግን ጸና፤ ያንን ቅጣት ፈጽሞ በ2024 ዓ.ም. ተፈታ። ግድያውን በሚመለከት ዐቃቤ ሕግ በ2023 ዓ.ም. ሁለተኛ ክርክር እንደማይከፍት አስታውቆ ነበር።

ሰውየው ረሳ ወይስ ተወ? የፍርድ ቤቶቹ መዝገብ ይህን በመጨረሻ ሳይወስን ተዘግቷል። ዳይመንድ የሚያስተምሩት እውቀት ሰው ልጁን ሊረሳ እንደሚችል ያረጋግጣል፤ ይህ ሰው መርሳቱን ግን ሊያረጋግጥ አይችልም። የዋይንጋርተን ጽሑፍ ጐዶሎ እዚህ ላይ ይታየኛል። ያቀረባቸው ወላጆች ሁሉ የምናዝንላቸው ናቸው፤ ስለዚህ አንባቢው ስለ ጥፋት ብዙ ሲማር፣ ስለ ጥርጣሬ አንዳች ሳይማር ይወጣል። ሊወዱት የማይቻል ሰው፣ ልቅሶው የማያሳምን ሰው በቀረበ ጊዜ፣ ቀድሞ በዕንባ ያሰናበተ ልብ አሁን በዕንባ ማጣት ይፈርዳል።

ጠቢቡ ሰሎሞን በሁለቱ ሴቶች መካከል ሲፈርድ እናቲቱን በአንጀቷ ለየ ይባላል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ማን አብልጣ ጮኸች ብሎ አልመዘነም። ሰይፍ አስመጥቶ የሚመርጡት ነገር ፊታቸው አኖረ፤ የለያትም ምርጫዋ ነው። በመኪና ውስጥ በቀረው ሕፃን ጉዳይ ዳኛው የሚያስመጣው ሰይፍ የለውም፤ ልጁ አስቀድሞ ሞቷል።

ደራሲው ስለ ሕጉ አሠራር የሚሰጠው ዝርዝር አስገራሚ ነው። በእርሱ አቈጣጠር በአሜሪካ ከነዚህ አደጋዎች 40 በመቶ ያህሉ ያለ ክስ ሲዘጉ፣ 60 በመቶ ያህሉ በከባድ ወንጀል ያስከስሳሉ። በአንድ ግዛት ውስጥ አንዱ ዐቃቤ ሕግ ሲከስ ሌላው አልከስም ይላል፤ ያልከሰሰው ሰው እርሱም ልጅ የሞተበት ነበር። የሕጉን ቃል የሚያነብቡት አንድ ሆኖ ሳለ ውሳኔያቸው መለያየቱ ለኛም የሕግ ሰዎች ማሰላሰያ ይሆናል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 59 ቸልተኝነት የሚለው አደጋውን እያወቀ በግዴለሽነት የሠራውን ብቻ አይደለም፤ ማወቅ ሲገባው ወይም ሲችል ሳያውቅ የቀረውንም ይጨምራል። ዳኛውም የሰውየውን ዕድሜ፣ የኑሮ ልምድና ትምህርት እንዲያመዛዝን ያዝዛል። ሕጉ ለሁለቱ አንድ ስም መስጠቱ ግን ከቋንቋው ጋራ ያጋጨዋል፤ ቸል ሳይል የረሳን ሰው ቸልተኛ ማለት ግድ ይሆናልና። እንዲህ ያለ ጉዳይ የሚቀርብለት ዳኛ በአንድ ቃል ውስጥ ሁለት ሰዎች እንዳሉ ቢያስብ መልካም ነው።

ኦሪት ዘዳግም እንጨት ሊቈርጥ ወጥቶ የመጥረቢያው ብረት ከዛቢያው ወልቆ ባልንጀራውን የገደለበትን ሰው ያነሣል። ለእንዲህ ያለው ሰው መማጸኛ ከተማ ተለይቶለታል፤ ደም ተበቃዩ እንዳይደርስበት ወደዚያ ይሸሻል። ልጁን የረሳ ወላጅ ግን ደም ተበቃዩም እርሱ ራሱ ነው፤ የሚሸሽበት ከተማ ቢሰጠው እንኳ ተበቃዩ አብሮት ይገባል። ዋይንጋርተን ይህን ምሳሌ አልጠቀሰም፤ የጽሑፉ መጨረሻ ግን ወደዚህ የተጠጋ ይመስለኛል።

በመጨረሻ ላይ ያቺ ጠንካራ እናት፣ ጽሑፉ በልቅሶው ለጀመረው ለዚያ አባትና ለሚስቱ፣ ሌላ ልጅ ለማግኘት ቢቸገሩ፣ እኔ አርግዤ ልውለድላቸው የሚል አሳብ እንዳላት እንሰማለን። አንዳንዱ አንባቢ ይህን እንግዳ ነገር ሊለው፣ ደራሲውንም ታሪኩን ለማሳመር መረጠው ብሎ ሊያማው ይችላል። እኔ ግን ከጽሑፉ ሁሉ ይህን ስፍራ አብልጬ እወደዋለሁ። ሴቲቱ እዚህ ላይ አታለቅስም፤ ስለ ራሷም አትከራከርም። ደራሲውም ሳያመሰግናትና ሳይተረጕምላት፣ ያሰበችውን ብቻ ጽፎ ብዕሩን ያነሣል።