ስለ ጠባብ አዳራሽና ስለ ራስ ድርሰት

የሙዚቃ ክብር በአዳራሽ ስፋት ይለካል የሚሉ አሉ፤ እኛ ግን በዚህ አሳብ አንስማማም። ሂሊ ክሪስታል እ.ኤ.አ. በ1973 በኒው ዮርክ ከተማ፥ በባወሪ መንገድ የከፈተው ሲ.ቢ.ጂ.ቢ. የተባለው የምሽት ክበብ ጠባብና ጐስቋላ ነበር። ነገር ግን አንድ ደንብ ነበረው፤ ይኸውም ተጫዋቹ የሙዚቃ ጓድ የራሱን ድርሰት እንዲያሰማ ነው። ስለዚህም ራሞንስና ቴሌቪዥን የተባሉት የሮክ ጓዶች ገና ስማቸው ሳይታወቅ በዚያ ተሰሙ። አጨዋወታቸው ግን አይመሳሰልም፤ የራሞንስ ዘፈን አጭርና ፈጣን ሲሆን፥ ቴሌቪዥን ሁለቱን ጊታሮች እያነጋገረ ዜማውን ያስረዝማል። ይህ ልዩነት የደንቡ ፍሬ ይመስለናል። እርግጥ ነው፥ የራሱን ያቀረበ ሁሉ መልካም አቀረበ አይባልም፤ ሆኖም በጠባብ ቤት አድማጩ ቅርብ ስለሆነ ጉድለቱ ፈጥኖ ይገለጣል፥ ይታረማልም። ክበቡ በ2006 በኪራይ ክርክር ምክንያት ተዘግቷል። ደንቡ ግን በየትም አገር ላለ ጀማሪ ደራሲ ይጠቅማል እንላለን።