አንድ ጓንቲ ለምን?

(ስለ ማይክል ጃክሰን አልባሳትና የመድረክ ቁሳቁስ)

ስለ ዘፈን ስንጽፍ ልማዳችን የታወቀ ነው። ግጥሙን እንመዝናለን፤ ዜማውን እናወድሳለን ወይም እንነቅፋለን፤ ድምፁ ሻከረ፣ ለሰለሰ እንላለን። ዘፋኙ ምን ለብሶ ነበር፣ በእጁስ ምን ይዞ ነበር ብሎ የሚጠይቅ ከተገኘ ግን «ይሄ የልብስ ሰፊ ጉዳይ ነው» ተብሎ ይሳቅበታል። እኛም ይህን ጽሑፍ ልንጀምር ስንል ከጓደኞቻችን አንዱ «ዘፈን በጆሮ ነው የሚሰማው፤ ሌላው ማሸጊያ ነው» ብሎ ሊያስቆመን ሞክሯል። ማሸጊያ! አንባብያን ቃሉን ልብ በሉልን። ክርክራችን በሙሉ ከዚህችው ቃል ጋር ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። የልብ ወለድ ጸሐፊ ገጸ ባሕርዩን ለማስተዋወቅ መቶ ገጽ ቢፈልግ የሚከለክለው የለም። ጸሐፌ ተውኔትም ቢያንስ አንድ ሰዓት አለው። የሙዚቃ ቪዲዮ ያለው ግን አራት ወይም አምስት ደቂቃ ነው፤ ያውም የተዋናዩ አፍ በዘፈኑ ተይዟል። «እኔ እንዲህ ያለሁ ሰው ነኝ» ብሎ የሚያስረዳበት ፋታ የለውም። ስለዚህ ኮፍያው ይናገርለታል፤ ጫማው ይናገርለታል፤ በጣቱ የወረወራት ሳንቲም ትናገርለታለች። ታዲያ ይህን የሚያህል ሥራ የሚሠራ ነገር እንዴት ማሸጊያ ይባላል?

ለምሳሌ የምንወስደው ማይክል ጃክሰንን ነው። ምክንያታችን ሁለት ነው። አንደኛው፣ እንግሊዝኛ የማያውቅ ሰው እንኳ ጥላውን አይቶ የሚለየው ዘፋኝ መሆኑ ነው። ሁለተኛው የእኛን አገር ይነካል፤ እሱን ወደ መጨረሻው እናመጣዋለን።

«ቢሊ ጂን»ን እንመልከት። ስቲቭ ባሮን ያዘጋጀው ይህ ቪዲዮ የወጣው በ1983 እ.ኤ.አ. ነው። በ1981 የተከፈተው ኤም ቲ ቪ የጥቁር ዘፋኞችን ሥራ እምብዛም አያሳይም ተብሎ ይወቀስ ነበር፤ ይህን አጥር ከሰበሩት ሥራዎች አንዱ ይኸው ነው። ዘፋኙ ጥቁር የቆዳ ልብስ፣ ሮዝ ሸሚዝና ቀይ ቢራቢሮ ክራባት አድርጓል። ልብሱ የሚያምር ነው፤ ዋናው ሥራ የተሠራው ግን በዕቃዎቹ ነው። በመንገድ ዳር ለተቀመጠው ችግረኛ ሳንቲም ሲወረውርለት የሰውየው ቡትቶ ወደ ነጭ ሙሉ ልብስ ይለወጣል። የረገጠው የእግረኛ መንገድ ንጣፍ ሁሉ ይበራል። ከኋላው ደግሞ ካሜራ የያዘ ሰላይ ይከተለዋል፤ በፎቶግራፉ ላይ ግን እሱ የለም።

ዘፈኑ ስለ ምንድን ነው? «ልጁ ያንተ ነው» ተብሎ ስለተከሰሰና ስለሚክድ ሰው ነው። እንግዲህ ግጥሙ «የኔ አይደለም» ሲል ቪዲዮው ሌላ ነገር ይጨምራል፦ ይህ ሰው የነካው ይለወጣል፤ እሱን ግን ማንም ሊይዘው አይችልም። በግጥሙ ውስጥ ሳንቲምም ካሜራም የለም። ትርጉሙን የጨመሩት ዕቃዎቹ ናቸው።

ወደ ጓንቲው እንሂድ። ቦታው ካሊፎርኒያ፣ ፓሳዲና ነው። የሞታውን ሙዚቃ ኩባንያ 25ኛ ዓመት ዝግጅት ማርች 25 ቀን 1983 ተቀድቶ ሜይ 16 በቴሌቪዥን ተላለፈ። ይህ በትክክል የሙዚቃ ቪዲዮ አይደለም፤ ከዚያ በኋላ የመጡት ቪዲዮዎች ሁሉ የተበደሩት መልክ ግን እዚህ ተወለደ። ጥቁር የሚያብለጨልጭ ጃኬት፣ ከቁርጭምጭሚት በላይ የቀረ ጥቁር ሱሪ፣ ነጭ የሚያብረቀርቅ ካልሲ፣ ጥቁር ጫማ፣ ጥቁር ኮፍያ፣ በግራ እጅ ላይ ደግሞ አንድ ነጭ ጓንቲ።

ሱሪው ለምን አጠረ? ጨርቅ አልቆባቸው ነው? አይደለም። በዚያች ምሽት ወደ ፊት የሚራመድ እየመሰለ ወደ ኋላ የሚንሸራተትበትን እርምጃ ለሕዝብ አሳየ። እርምጃው የሱ ፈጠራ አይደለም፤ ከሱ በፊት የነበሩ ጥቁር ዳንሰኞች ይሠሩት ነበር። እርምጃው ግን ሊታይ ይገባዋል። ጥቁር ጫማ በጨለማ ወለል ላይ ይጠፋል፤ ረጅም ሱሪ ቁርጭምጭሚትን ይውጣል። ነጩ ካልሲ መብራቱን ተቀብሎ «እዚህ ተመልከቱ!» ይላል። አሜሪካዊው የፊልም ዳንሰኛ ጂን ኬሊም ነጭ ካልሲ የሚወድደው በከንቱ አልነበረም። ጓንቲውም እንዲሁ ነው። ሁለት ጓንቲ ያደረገ ሰው በርዶት ነው እንላለን፤ አንድ ያደረገውን ግን «ለምን?» ብለን ዓይናችንን እንተክልበታለን። ኮፍያውስ? ገና ዳንሱ ሲጀመር ወርውሮ ጣለው። ሥራዋን ጨርሳለቻ!

ለጓደኛችን የምናቀርብለት ዋና ማስረጃ ደግሞ ይኸውና። በዚያች ምሽት «ቢሊ ጂን» ሲቀርብ የተሰማው ድምፅ አስቀድሞ የተቀዳው ነበር፤ ዘፋኙ ከንፈሩን ብቻ ነው ያንቀሳቀሰው። ጆሮ ያገኘው አዲስ ነገር አልነበረም። አዲስ የነበረው አካሉና አካሉን ያሳየው ልብስ ነው። እስኪ ማሸጊያው የቱ ነው፣ ዕቃውስ የቱ ነው?

ስለ ቀለም ደግሞ «ትሪለር» ያስተምረናል። ዳይሬክተሩ ጆን ላንዲስ፣ የአልባሳት ንድፍ አውጪዋ ዲቦራ ናዱልማን ላንዲስ ናቸው። የኢንዲያና ጆንስን ኮፍያና ጃኬት ለፊልም ያበጀችውም እሷው ናት። አሥራ አራት ደቂቃ ገደማ የሚሆነው ይህ ሥራ የሚካሄደው በሌሊት ነው። መንገዱ ጨለማ፣ ከመቃብር የሚወጡት ሙታን የለበሱት ደግሞ አፈር የመሰለ ቡትቶ ነው። በዚህ መካከል ቀጭኑን ወጣት ቀይ አለበሰችው፤ ጃኬቱም ሱሪውም ቀይ። ከጃኬቱ ትከሻ ወደ ወገብ የሚወርዱት ጥቁር መስመሮች ትከሻውን አስፍተው ወገቡን ያጠብባሉ፤ ልጅ የሚመስለው ሰው ጎልማሳ ይሆናል። ሙታኑ ከብበውት አብሯቸው ሲጨፍር እንኳ ዓይናችን አይስተውም። ከሁሉ የሚደንቀን ግን ወደ ሙት ሲለወጥ ጃኬቱም አብሮት መቆሸሹና መበጣጠሱ ነው። ልብሱ ራሱ ገጸ ባሕርይ ሆኖ ይሞታል ማለት ነው። በቦብ ጂራልዲ «ቢት ኢት» ውስጥም ቀይ ጃኬት አለ፤ ባለ ብዙ ዚፕ ነው። በጩቤ ሊተራረዱ በተነሡ ሁለት ቡድኖች መካከል ገብቶ ጠቡን በጭፈራ የሚያበርደው ያ ቀይ ነው። አንዱ ቀይ አስታራቂ፣ ሌላው ቀይ አስፈሪ! ቀለም ብቻውን ትርጉም የለውም፤ ትርጉም የሚያገኘው ከጎኑ ከቆመው ነገር ነው።

ልብስ ወደ መሣሪያነት የተጠጋበት ሥራ ግን የ1988ቱ «ስሙዝ ክሪሚናል» ነው። ነጭ ሙሉ ልብስ፣ ሰማያዊ ሸሚዝ፣ ጥቁር ጥብጣብ የታሰረበት ነጭ ኮፍያ። ምንጩም አልተደበቀም፤ ፍሬድ አስቴር በ1953ቱ «ዘ ባንድ ዋገን» ፊልም የለበሰውን የሚያውቅ ሁሉ ይለየዋል። ወደ ጭፈራ ቤቱ ይገባና ከበሩ ላይ ሳንቲም ወርውሮ ጁክቦክሱ ውስጥ ይከታል። ዘፈኑ በዚህች ሳንቲም ይነሣል። ቆየት ብሎ ደግሞ ተረከዙ ከወለሉ ሳይነሣ መላ አካሉ እንደ ተቆረጠ ዛፍ ወደ ፊት ያዘነብላል። በፊልሙ ይህ የተሠራው በሽቦ ነው። በመድረክ ላይ ሽቦ መደበቅ ስለሚያስቸግር እሱና አልባሳቱን የሚሠሩለት ሁለቱ ባለሙያዎች፣ ማይክል ቡሽና ዴኒስ ቶምፕኪንስ፣ ተረከዙ ሥር ስንጥቅ ያለው ጫማ አበጁ። ከወለሉ ብቅ የምትል ችንካር ስንጥቁ ውስጥ ገብታ እግሩን ትይዘዋለች። ለዚህ ጫማ በ1993 በአሜሪካ የፈጠራ ባለቤትነት ማረጋገጫ ተሰጥቷቸዋል። ጫማ የፈጠራ ውጤት ሆኖ ሲመዘገብ «የልብስ ሰፊ ጉዳይ ነው» የሚለው ሳቅ ወዴት ይገባ ይሆን?

እስከዚህ ድረስ አመስግነናል። ሂስ ግን ምስጋና ብቻ አይደለም።

ከላይ የጠቀስናቸው ዕቃዎች ሁሉ ሥራ ነበራቸው። ካልሲው እግር ያሳያል፤ ቀዩ ጃኬት ከጨለማ ይለያል፤ ሳንቲሟ ዘፈን ታስነሣለች። ሥራቸውን ጨርሰው ሳይሄዱ ሲቀሩስ? በሜይ 1984 ማይክል ጃክሰን በዋይት ሀውስ ከፕሬዚዳንት ሬገን ጋር ቆሞ የተነሣውን ፎቶግራፍ ያየ ሰው የሚያብለጨልጭ፣ ወርቃማ ጌጥ ያለበት የወታደር ዓይነት ጃኬት ያያል። አንድ ጓንቲም አለ። ጭፈራ በሌለበት ቦታ ጓንቲው ምን ይሠራል? ምንም! ከእንግዲህ ምልክት ሆኗል። የእጁን እንቅስቃሴ የሚያሳይ ነገር መሆኑ ቀርቶ «እኔ ነኝ» የሚል ማኅተም ሆኗል። በየጊዜው የተለዋወጡት የወታደር ጃኬቶችም እንዲሁ ናቸው። ጦርነቱ የት ነው? ሠራዊቱስ የማን ነው? መልስ የላቸውም።

እርግጥ ነው፣ ከምልክቱ በስተጀርባ ሰው አለ። በ1993 ለኦፕራ ዊንፍሬ በሰጠው ቃለ መጠይቅ ቆዳውን የሚያነጣ ሕመም እንዳለበት ተናገረ፤ እኛ ለምጽ የምንለው ነው። በ2009 ሲሞት የተደረገው የአስከሬን ምርመራም አረጋግጦታል። ጓንቲው ነጠብጣቡን ለመሸፈን የመጣ ነው የሚሉ አሉ። እውነት ከሆነ፣ ዓለም ሁሉ ጌጥ ብሎ ያጨበጨበለት ነገር ለባለቤቱ መደበቂያ ነበር ማለት ነው። ሰውየውን የሸፈነው ልብስ ሰውየውን በልቶ ቀጠለ፤ ከሞተ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2011፣ «ትሪለር» ላይ ከለበሳቸው ቀይ ጃኬቶች አንዱ በጨረታ 1.8 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ወሎንና ትግራይን ሲያጠቃ የአሜሪካ ዘፋኞች ጃንዋሪ 28 ቀን 1985 ሌሊት ተሰብስበው «ዊ አር ዘ ወርልድ»ን ዘፈኑ። ደራሲዎቹ ማይክል ጃክሰንና ላይኔል ሪቺ ናቸው። ኩዊንሲ ጆንስ በስቱዲዮው በር ላይ ማንም ሰው ክብሩን ውጭ ጥሎ እንዲገባ የሚያሳስብ ጽሑፍ ለጥፎ ነበር። ከዘፋኞቹ ብዙዎቹ የዕለት ልብሳቸውን እንደለበሱ ተደርድረው ይታያሉ። የማይክል ተራ ሲደርስ ግን ካሜራው ከፊቱ አይጀምርም። ከጫማው ይጀምራል፤ የሚያብረቀርቀውን ካልሲ ያሳየናል፤ ቀስ እያለ ወደ ጓንቲው ይወጣል፤ ፊቱ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ክብር ከበር ውጭ ቀረ፣ ካልሲው ግን ገባ!

ይህን ስንል ውለታ ለመርሳት አይደለም። ዘፈኑ ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገኝቷል፤ የዳነ ሕይወት አለ። የሚከነክነን ሌላ ነው። ለዚህ ዘፈን መንሥኤ የሆነውን ስሜት በዓለም ላይ የቀሰቀሰው በኦክቶበር 1984 ቢቢሲ ያስተላለፈው የኮረም ፊልም ነው። እዚያ የታዩት ወገኖቻችንም ልብስ ነበራቸው፦ በንጋት ብርድ የተጠቀለሉበት ያረጀ ኩታና ብርድ ልብስ። ስማቸው አልተጠራም። አንዱ ገበሬ፣ አንዱ ሸማኔ፣ አንዱ ደብተራ ሊሆን ይችላል፤ ያ ኩታ ሁሉንም አንድ አደረጋቸው። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዘመን ኢትዮጵያዊ ሲባል በውጭ ሰው ዓይን የሚመጣው ያ የተጠቀለለ ሰው ሆነ። እዚያ አንድ ካልሲ አንድን ሰው ከሺህ ለይቶ አሳየ፤ እዚህ አንድ ኩታ ሺህ ሰው አንድ አድርጎ ሸፈነ። ልብስ በምስል ላይ ያለውን ሥልጣን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ አናውቅም። ልዩነቱም ግልጽ ነው፦ ማይክል ጃክሰን ልብሱን መርጧል፤ የኮረም ሰዎች ግን አልመረጡም። ካሜራውንም የያዙት እነሱ አልነበሩም።

ስለዚህ የራሳችንን ክሊፕ የምንሠራ ወጣቶች፣ አሁን ካሜራውን የያዝነው እኛ ነንና ጥያቄው በእኛ ላይ ይጠናል። ስንት ክሊፕ አይተናል፣ ለሁለት ሰዓት የተከራዩት መኪና የሚቆምበት፣ ስለ ናፍቆት እየተዘፈነ ጀበናው ሳይፈላ ቡና የሚቀዳበት፣ ጋሻና ጦር ያለ ምክንያት ግድግዳ ላይ የተሰቀለበት! ጀበናው ለምን አለ? የማን ጀበና ነው? ብትነሣ ከዘፈኑ ምን ይጎድላል? መልሱ «ምንም» ከሆነ ትነሣ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላል ያገራችን ሰው፤ ሥራ የሌለው የገዛ ወርቃችንም አያደምቅም።

ጓደኛችን ይህን ካነበበ በኋላ «እሺ፣ ማሸጊያ አይደለም፤ ግን ድምፁ ባይኖር ጓንቲውን ማን ያየው ነበር?» ብሎናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ለዚህ ሙሉ መልስ የለንም፤ ያለው ካለ ይጻፍልን፣ በሚቀጥለው እትም እናወጣለታለን።