ቡኒዎቹን እዩልኝ

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ከዋሻ ሚካኤል በላይ ካለው ገላጣ ላይ ቆሜ ነበር። ከንግሥ የምትመለስ አንዲት ወጣት አንገቴ ላይ ያንጠለጠልኩትን ባይኖኩላር አየት አደረገችና፣ «ጋሼ፣ የመስቀል ወፍ አሁን ወዴት ሄደ?» አለችኝ። «የትም አልሄደም፤ እዚያ ቃርሚያው ውስጥ አለልሽ» አልኳት። የቀለድኩባት መሰላት።

ቀልዴን አልነበረም። በመስከረም በየካ ሣር ላይ ጥቁርና ቢጫ ሆኖ ሲንሳፈፍ የምናየው ወንዱ ነው፤ ሴት ለመሳብ ያጌጠው። የመራቢያው ወቅት ሲያልፍ ላባውን ይቀይርና እንደ ሴቷ ዝንጉርጉር ቡኒ ይሆናል። ገብሱ ሲታጨድ ከሴቶቹና ከዓመቱ ጫጩቶች ጋር ተደባልቆ ፍሬ ይለቅማል። ሁሉን ግን አይጥልም። ትከሻው ላይና ከጭራው በላይ ወገቡ ላይ ያለችው ቢጫ ዓመቱን ሙሉ አትለየውም። መሬት ላይ ሲለቅም የወገቡን ክንፉ ይሸፍናታል። መንጋው ብር ሲል ብልጭ ትልና ትጠፋለች። ወንዱን የምለየው ያኔ ነው።

ከሙያ ጓደኞቼ፣ ከወፍ አስጎብኚዎቹ ጋር የማልስማማው እዚህ ላይ ነው። እነሱ ጀማሪን በቀለም ያስጀምራሉ፤ እኔ በቡኒ ይጀምር ባይ ነኝ። ለዚህ ደግሞ ከኅዳር የተሻለ ወር የለም። የኛዎቹ ጌጣቸውን አውልቀዋል፤ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡት እንግዳ ወፎችም አብዛኞቹ ደብዝዘው ነው የሚደርሱት። በቀለም የተማረ ሰው በዚህ ወር «ዛሬ ምንም የለም» ብሎ ይወርዳል።

አንዳንዱ አስጎብኚ ደግሞ በስልኩ የወፍ ድምፅ ያጫውታል። ወፉ ባላንጣ ግዛቱ የገባበት መስሎት የሚለቅመውን ትቶ ይመጣል፣ እንግዳው ፎቶውን ያነሳል፣ ጉርሻ ይከፈላል። ወፉ የሌለ ጠላት ሲፈልግ ያረፍዳል። ይህ ይቅርና፣ ዘዴው ቡኒ መንጋ ላይ አይሠራም፤ መራባቱን የጨረሰ መንጋ የሚከላከለው ግዛት የለውም። እንዲህ ያለው አስጎብኚ በኅዳር ሥራ ሲፈታ ባየው አላዝንለትም።

ሰማዩም ላይ ነገሩ ያው ነው። ረፋድ ላይ፣ አራት ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይ ገደሉን ስታሞቀው ንስሮቹ መዞር ይጀምራሉ። ስቴፕ ኢግል የምንለው ከሩሲያና ከካዛክስታን የሣር ሜዳ ተነስቶ የመንን አልፎ በባብ ኤል መንደብ ይሻገራል። በ1987 እ.ኤ.አ. መጸው ጅቡቲ ላይ የቆሙ ቆጣሪዎች ከ240,000 በላይ አዳኝ አእዋፍ መዝግበዋል፤ ከ76,000 በላይ የሚሆኑት ይኸው ንስር ነበሩ። ዛሬ በዓለም ደረጃ ለመጥፋት ከተቃረቡት ተመድቧል። እዚሁ የሚኖረው ታውኒ ኢግል ከእሱ ጋር ይመሳሰላል፤ እሱም ቡኒ ነው። ቁጭ ሲሉ የአፋቸውን ጥግ እዩ። የእንግዳው ቢጫ መስመር እስከ ዓይኑ ኋላ ጠርዝ ይዘልቃል፤ የኛው ከዓይኑ መሐል ሥር ያቆማል።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። ኮተቤ አጥር ላይ «ድንቢጥ» ብለን ከምናልፋቸው አንዷ ከዓይኗ በላይ ነጭ ቅንድብ አላት። ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ የትም አትገኝም። እሷን ለማየት ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ ሰው አለ፤ የቤቱ ባለቤት ግን ካሰጣው እህል ላይ እሽ እያለ ያባርራታል።

ይህ ግትርነቴ ከእናቴ የወረስኩት ሳይሆን አይቀርም። ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክማ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ስትወርድ አብሬያት እሄድ ነበር። ሸክሙ ስለሚያጎብጣት ሰማይ አታይም፤ የምታየው መሬቱን ነው። መሬት ላይ ያሉት ደግሞ ቡኒዎቹ ናቸው። ሁለት እጇ ገመዱን ስለያዘ ከመንጋው አንዷን በአገጯ ታሳየኝና፣ «ያቺ ከነዚህ ወገን አይደለችም» ትለኝ ነበር። ስሟን አታውቅም፤ ልዩነቷን ግን ከሩቅ ትለያለች። ባይኖኩላር የያዝኩት ከዚያ በኋላ ብዙ ቆይቼ ነው። ከውጭ የመጡ አዋቂዎችን ይዤ ስወጣም፣ አንዱ በመጽሐፍ ከሌላው ጋር ሲሟገት፣ እኔ ዓይኔን የምጥለው እሷ በአገጯ ታሳየኝ ወደነበረው ወደ መሬቱ ነው። እንጀራዬም የወጣው ከዚያው ነው።

እናም በዚህ ኅዳር ወደ የካ ጫካ ወይም ወደ ለገዳዲ ዳርቻ የምትወጡ ሁሉ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ስልኩን ኪሳችሁ ክተቱ። አንድ ቡኒ መንጋ ምረጡና ፊቱ ቁጭ በሉ። ድንጋይ ወርውራችሁ አታስነሱት፤ ጊዜው ሲደርስ ራሱ ይነሳል።