እስከ አርባው

የሟች ፎቶ ሲላክልኝ መጀመሪያ የማየው ፊቱን ሳይሆን የፋይሉን መጠን ነው። ጭካኔ ይመስላል። ነገር ግን ፎቶው እኔ ዘንድ እስኪደርስ ስንት ስልክ ዞሮ፣ ስንት ጊዜ ስክሪንሾት ተነሥቶ እንደመጣ ካላወቅሁ ሥራውን ከየት እንደምጀምር አላውቅም። ከጎንደር ጅዳ፣ ከጅዳ ካርቱም፣ ከካርቱም ገዳሪፍ የተንከራተተ ፎቶ ጆሮና አንገቱ ተቀላቅሎ፣ ዓይኑ አራት ግራጫ ካሬ ብቻ ሆኖ ይመጣል። ስለዚህ «ነፍስ ይማር» ካልኩ በኋላ የማስከትለው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ዋናው ማን ጋ ነው ያለው? ዋትስአፕ እንዳይጨምቀው በዶክመንት መልክ ይላክልኝ።»

አብዛኛው ጉርድ ፎቶ ነው። ለመታወቂያ ወይም ለፓስፖርት የተነሣ፣ ፍላሽ ፊት ለፊት የመታው፣ ከንፈሩን ግጥም ያደረገ ፊት። ቤተሰቡ «እሱን አይመስልም» ይላል፤ እውነታቸውን ነው። ሰውየው በዕድሜው እንዲያ ሆኖ የታየው ፎቶ አንሺው «አትነቃነቅ» ባለው ጊዜ ብቻ ነበር። ከሠርግ ፎቶ ተቆርጦ የሚመጣው ደግሞ ትከሻው ላይ የሌላ ሰው እጅ ይቀርበታል። እጁን ማጥፋት ቀላል ነው፤ እኔ ግን አንዳንዴ እተወዋለሁ።

ሙያዬ ሥዕል አይደለም። ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ ስልክ እጠግናለሁ። የተሰበረ ስክሪን ከቀየርኩ በኋላ ንክኪው የማይሠራበት ቦታ መኖር አለመኖሩን ለማየት የሥዕል መተግበሪያ እከፍትና ከዳር እስከ ዳር በጣቴ መስመር እሰምራለሁ። ሥዕልን የጀመርኩት ከዚያ መስመር ነው። ባለቤቱ ስልኩን ሊወስድ እስኪመጣ መስመሩ ዛፍ ይሆናል፣ ዛፉ ግመል ይሆናል። አይቢስ ፔይንት በነጻ የሚወርድ መተግበሪያ ነው፤ ሌየር፣ ማለትም አንዱ በሌላው ላይ የሚደረብ ንብርብር አለው፣ የሚንቀጠቀጥ እጅን የሚያቀና መሣሪያ አለው። ለጊዜ ማሳለፊያ ከዚህ በላይ አያስፈልግም ነበር።

ገዳሪፍ ለሐበሻ አዲስ አገር አይደለም። የሰሊጥና የማሽላ አጨዳ ሲደርስ ከመተማ ዮሐንስ ጋላባትን አልፎ የሚመጣ የቀን ሠራተኛ ከጥንትም ነበር። በ1977ቱ ድርቅ ዘመን ኡም ራኩባና ተዋዋ የሚባሉት ካምፖች በስደተኛ ተጨናንቀው ነበር፤ ወደ እስራኤል ለመሻገር ይጠባበቁ ከነበሩት ቤተ እስራኤላውያን ብዙዎቹ በበሽታ ያለቁት እዚሁ ነው። ኅዳር 2013 ላይ ከትግራይ ጦርነት የሸሸ ከ40 ሺህ በላይ ሰው በሳምንታት ውስጥ ድንበር ሲያቋርጥ ያው ኡም ራኩባ እንደገና ተከፈተ። ሚያዝያ 2015 ደግሞ ተራው የሱዳን ሆነና ካርቱም ይኖሩ የነበሩት ሐበሾች ወደ እኛ መጡ፤ ከሱዳናውያኑ ጭምር ስንቱ በመተማ በኩል ወደ አማራ ክልል ተሻገረ። በዚህ አካባቢ ሰው የሚሞትበትና የሚለቀስበት ቦታ ብዙ ጊዜ አይገናኝም።

መርዶ በአገሩ ሥርዓት አለው። ሽማግሌዎች ገና ጎህ ሳይቀድ ተሰብስበው ይመጣሉ፤ ሰው በዚያ ሰዓት በር ሲያንኳኳ ልብ ቀድሞ ይነግራል፤ ከዚያ ተይዞ፣ ተደግፎ ይረዳል። ስልክ ይህን አያውቅም። የእኅቴ መርዶ የመጣው በድምፅ መልእክት ነው፤ እጄ ላይ የሰው ስልክ ተከፍቶ ሳለ። በዚያ ሰሞን ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ይዘጋል ይከፈታል፣ ማንም ሂድ አላለኝም። ሐበሾቹ ከሱቁ ጀርባ ባለው የሣር ዳስ ሥር ንጣፍ ዘርግተው፣ ንፍሮ ቀቅለው ሰልስት አስቀመጡኝ። ውለታቸው አይከፈልም። ግን አንዳቸውም እሷን አያውቋትም። ሙሾ የሚያወርደው ሟችን የሚያውቅ ሰው ነው፤ አመሏን፣ አካሄዷን፣ እንግዳ ስትቀበል እጇን እንዴት በነጠላዋ እንደምትጠርግ እያነሣ ያስለቅሳል። እዚያ የነበርነው ለአንዲት የማትታወቅ ሴት ነበር ያለቀስነው፤ እኔም ከእንግዶቹ አንዱ መሰልኩ። እርሜን አላወጣሁም።

ከዚያ በኋላ ነው ጉርድ ፎቶዋን መተግበሪያው ውስጥ የከተትኩት።

የሥራውን ነገር ልናገር፣ ሌላውን እሱው ይናገራል። ሸራውን የምከፍተው በ2480 በ3508 ፒክስል ነው፤ በኋላ በኤ4 ወረቀት ሲታተም እንዳይደበዝዝ። ርካሽ ስልክ በዚህ መጠን ብዙ ሌየር አይችልም፣ ስለዚህ ቆጥቦ መሥራት ያስፈልጋል። ፎቶው ከታች ይሆናል፣ ጥላው ብቻ እስኪቀር አደበዝዘዋለሁ፣ በላዩ ባዶ ሌየር ከፍቼ ዋና ዋና መስመሮቹን እይዛለሁ፤ የፀጉሩን ጠርዝ፣ የቅንድቡን ቅስት፣ የአፉን ዳር። በቃ፣ ከዚያ ፎቶውን እደብቀዋለሁ። እስከ መጨረሻው በፎቶው ላይ የሚሄድ ሰው ትጋቱ ሁሉ ያንኑ መታወቂያ መልሶ ይሰጠዋል። ፎቶው ሲደበቅ እጅ ይቆማል፤ አፍንጫዋ ወደ የት ነበር ያዘነበለው? ግራ ጉንጯ ላይ የነበረው ምልክት ከዓይኗ ምን ያህል ይርቅ ነበር? አብሬያት አድጌ አላውቀውም። እዚያ ላይ ነው ልቅሶው የሚመጣው፤ ሙሾ አውራጇ በቃል የምታደርገውን ጥያቄው ያደርገዋል።

ብርሃኑንም መምረጥ አለብኝ፤ ፍላሽ ብርሃን አይደለም፣ ፊትን እንደ ቂጣ ይዳምጠዋል። እኅቴን ያስቀመጥኳት በእናታችን ቤት በር አጠገብ ነው፣ ጠዋት፤ ብርሃኑ ከግራ ገብቶ ቀኝ ጉንጯን በጥላ ይተዋል። ጠይም ቆዳ ላይ ጥላን በጥቁር የሚሠራ ሰው አመድ ያወጣል። ጠቆር ያለ ቀይ ቡኒ፣ ትንሽ ወይን ጠጅ ተደርጎበት፣ መልቲፕላይ በሚባለው የሌየር ዓይነት ላይ በስሱ ይደረባል፤ የጆሮ ጫፍና የአፍንጫ ዳር ደም ስለሚያሳልፉ ቀላ ይላሉ፣ ግንባር ደግሞ የሰማዩን ይወስዳል። የገዳሪፍ ሙቀት ለዚህ ሥራ አልተፈጠረም። ላብ የነካው ጣት ንክኪውን ያሳብደዋል፣ ስለዚህ ጆሮ መጥረጊያ ጥጥ እርጥብ አድርጌ የምግብ ፎይል እጠቀልልበትና እንደ ብዕር እይዘዋለሁ፤ በደንብ ይሠራል፣ ስክሪን እንዳይጭር ብቻ ጫፉን ማለስለስ ነው። ቀን ፀሐይ ላይ ያቀለምኩት ማታ ሲታይ ነጭ ይወጣዋል፤ ጥላው በፀሐይ ስለማይታይ ሳላስበው አነጣዋለሁ። ስለዚህ ቀለም የማታ ነው፣ መብራት ካለ።

ዓይን ላይ ያደግኩበት ከተማ ይረዳኛል። ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያው ላይ የተደረደሩትን ባለ ክንፍ ፊቶች እያንጋጠጠ ያላደገ ልጅ የለም። የዚያ ጣሪያ ሠዓሊ የላይኛውን ሽፋሽፍት በአንድ ደፋር መስመር ይጀምርና ብሌኑን ከሱ ሥር ያንጠለጥለዋል። ፎቶው ዓይንን ወደ አራት ካሬ ሲያወርደው ይህ መስመር ያድናል። ችግሩ ልክ ካለፈ ሟች ሁሉ ኪሩብ ይሆናል። ጣና ላይ ናርጋ ሥላሴ ውስጥ እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍታ ተስላለች፤ እሷን ሳስብ እመለሳለሁ። ያ ንግሥት እንኳ ሰው ሆና ነው የተሳለችው፣ ልመና ያላት።

አሁን ስለ አደጋው። ወረቀት ላይ ብዙ ያጠፋ ሰው ወረቀቱ ይቀደድበታል። ስልክ ላይ የሚቀደድ የለም። የመመለሻ ቁልፍ አለ፣ ሁለት ጣት ከፍቶ ቅንድብ ውስጥ መግባት አለ፣ አንዲቷን ፀጉር እንደገና መሥራት አለ፣ ነገም አለ። የዲጂታል ሥዕል አያልቅም። ለሌላ ሥራ ይህ በረከት ነው፤ ለሐዘንተኛ ግን መደበቂያ ነው። ሰው «እየሳልኩት ነው» እያለ ሟቹን ሳይቀብር ይኖራል። እንዲህ የሆኑ አይቻለሁ። ስልኩን ሲከፍቱ የሚታየው ያው ፊት፣ ያው ያላለቀ ጆሮ ነው፤ እያሻሻሉት ሳይሆን እንዳያልቅ እየጠበቁት ነው።

መድኃኒቱን ከመተግበሪያው ውስጥ አላገኘሁትም። ያገኘሁት ሁላችንም ከምናውቀው የሐዘን ቀን መቁጠሪያ ነው፤ ሰልስት፣ ሰባት፣ አሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት። አባቶች ይህን የደነገጉት ለሟች ጸሎት ነው፤ ለቋሚም ደረጃ መሆኑን ግን ያላየ የለም። ስለዚህ እንዲህ አደረግሁ። እስከ ሰልስት ፎቶ አይነካም። እስከ ሰባት መስመሩ ብቻ። እስከ ሠላሳ ጥላና ቀለም። በአርባው ሌየሮቹን ሁሉ አንድ ላይ አዋህዳለሁ፤ ከዚያ በኋላ ዓይንን ለብቻ ማንቀሳቀስ፣ ጥላን ለብቻ ማንሣት አይቻልም። ብዙ ጓደኞቼ ይህን ስነግራቸው ይደነግጣሉ፣ «ኮፒ አታስቀምጥም?» ይሉኛል። አላስቀምጥም። ጥርሷን ባላሳምረውም አርባዋ ደርሷልና አለቀ።

አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ፤ ከመቼ ነው የሚቆጠረው? ፍትሐቱ ከዕለተ ሞት ይቆጠራል፣ ልቅሶ ግን መርዶ ከደረሰበት ነው። ጥር 2016 መጨረሻ ላይ የሱዳን ስልክና ኢንተርኔት በጠፋ ጊዜ፣ መስመሩ ሲመለስ የአንዳንዱ ሰው አርባው ካለፈ በኋላ ነበር መርዶው የገባው። ለእነሱ የምቆጥረው ከመርዶው ነው። አንድ ቄስ «ጸሎቱ በሱ ቀን፣ ሥዕሉ በአንተ ቀን» ብለው ፈቀዱልኝ፤ ሳልጠይቃቸውም አደርገው ነበር።

ሱዳኖች በስልክ ማልቀስን ከእኛ ቀድመው ያወቁት ይመስለኛል። ግንቦት 26 ቀን 2011 ካርቱም ላይ የተቀመጠው ሰልፈኛ ሲበተን መሐመድ ሐሺም መጠር የተባለ ወጣት ተገደለ፤ የመገለጫ ፎቶው ሰማያዊ ስለነበር ወዳጆቹ የየራሳቸውን ሰማያዊ አደረጉ፣ በቀናት ውስጥ የዓለም ሰው ሁሉ ተከተለ። ሥዕል የለበትም፣ አንድ ቀለም ብቻ። በጥበብ ዓይን ሳየው ከእኔ ጥላና ሽፋሽፍት ሁሉ ይበልጣል፤ ግን ያ ለሚሊዮኖች የሚሆን ሐዘን ነው፣ ለአንዲት እኅት አይሆንም። ይልቅ የሚቀርበኝ ሱዳናዊው ሠዓሊ ኢብራሂም ኤል ሳላሂ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ኮበር እስር ቤት ሳለ በቁራጭ ወረቀት እየሳለ አሸዋ ውስጥ ይቀብር ነበር፤ ከተፈታ በኋላ ትልልቆቹን ሥዕሎች የሠራው ከአንድ ትንሽ ወረቀት ጀምሮ ሌላውን በዙሪያው እየጨመረ ነው። በመዳፍ ስፋት ስክሪን ላይ የሚሠራ ሰው ይህን ዘዴ ቢሰርቅ አይነወርም፤ እኔ ሰርቄዋለሁ፣ ከቅንድብ እጀምርና ወደ ውጭ እሄዳለሁ።

ፎቶ የሌለው ሟችም ይመጣል። ከገጠር የሸሹ አንዲት እናት ባላቸውን እንድሥልላቸው ለመኑኝ፤ ሰውየው በሕይወቱ ካሜራ ፊት አልቆመም።

«እትዬ፣ በምን ልሥለው?»

«ልጁ አለልህ። አፍንጫው የኔ ነው፣ እሱን ተወው። ሌላው የአባቱ ነው።»

ልጁን አስቀምጬ ሠራሁ፤ እሳቸው ከጎኔ ሆነው «ግንባሩን ገባ አድርገው፣ ጺሙን አሳጥረው» ይሉኛል። እንደዚህ ያለው ሥራ ከፎቶ ይቀላል፤ የሚያውቅ ሰው አጠገብህ አለ። ሲያልቅ መሰለም አልመሰለም አላሉኝም። አፍንጫውን አንድ ጊዜ ብቻ አስቀየሩኝ።

ሰሞኑን የያዝኩት የሱዳናዊት ጎረቤቴን እናት ነው። ታኅሣሥ 2016 በጦርነቱ ዋድ መዳኒ ከተማ ስትያዝ ከነልጆቿ ገዳሪፍ ገባች፤ እናቷ ግን ቀሩ፣ እዚያው አረፉ። እሷ ዘንድ የልቅሶው ፊራሽ በሦስተኛው ቀን ይነሣል፤ እሷ ግን ፊራሹን የምትዘረጋበት ቤት እንኳ አልነበራትም። የሟችን መልክ መሣል የማይወዱ ሙስሊሞች ስላሉ አስቀድሜ ጠየቅኋት፤ ፊቱ ከጎን እንዲሆን፣ የሱዳን ሴቶች የሚከናነቡት ቶብ ግን በደንብ እንዲታይ ነው የፈለገችው። ቶቡን ገና አልቻልኩትም። ስስ ጨርቅ ስለሆነ የውስጡ ቀሚስ ቀለም ማለፍ አለበት። የሌየሩን ኦፓሲቲ ከፍ ሳደርገው ፕላስቲክ ይመስላል፣ ሳወርደው ይጠፋል። አሁን የያዝኩት ዘዴ ጨርቁን በስሱ አልብሼ እጥፋቱ የተደራረበበትን ቦታ ብቻ በሌላ ሌየር ማወፈር ነው፤ ትከሻው ላይ ሠርቷል፣ ራስ ላይ የሚጠመጠመው ይቀራል። አርባው ስላለፈ ቀን እንድትቆርጥልኝ ጠየቅኋት። «ረመዳን ሳይገባ» አለችኝ። ይደርሳል።