በውሰት ቃል ስለ መውደድ

ተማሪ ሳለሁ ለአንዲት ልጅ ደብዳቤ ጻፍሁ። ከራሴ ያወጣሁት ግን ስሟንና ስሜን ብቻ ነበር፤ የቀረውን ሁሉ ከልብ ወለድ መጻሕፍት ለቃቅሜ አገጣጠምሁት። በሦስተኛው ቀን ደብዳቤውን መለሰችልኝ። ከግርጌው፥ «ከዚህ ውስጥ ያንተ የቱ ነው?» ብላ ጽፋበት ነበር። መልስ አልሰጠኋትም፤ የምሰጠው አልነበረኝምና።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር» በቅርቡ ደግሜ ባነበብሁ ጊዜ የዚያች ልጅ ጥያቄ ተመለሰብኝ። ብዙ ሰዎች ይህን መጽሐፍ ሲያመሰግኑ አማርኛው ይጣፍጣል፥ ፍቅሩም ያስለቅሳል ይላሉ፤ አንዱን በአንድ ወገን፥ ሌላውን በሌላ ወገን አድርገው ማለት ነው። እኔ ሁለቱን መለየት አልቻልሁም።

የበዛብህ መከራ የሚጀምረው ከቃል ነው። ወላጆቹ ልጃቸው እንዳይሞትባቸው ሲሉ፥ ቢያድግ ሚስት ሳያገባ ቤተ ክርስቲያን እያገለገለ እንዲኖር ተሳሉ። ቃሉን የሰጡት እነርሱ፥ ዕዳውን የሚከፍለው እርሱ! ካደገም በኋላ ዜማና ቅኔ ተምሮ፥ ሰሙን ከወርቁ መለየት የሚችል ሰው ሆኖ ሳለ፥ በገዛ ልቡ ያለውን ነገር በግልጽ መናገር ያስጨንቀዋል። በፊታውራሪ መሸሻ ቤት ደግሞ ንግግር ሞልቷል። ፉከራው፥ የዘር ቈጠራው፥ የሹመቱ ወግ ሁሉ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ይህ ያማረ ቃል ሰብለ ወንጌልን ያለ ባል አስቀርቷታል፤ ለአባትየው ኩራት የሚመጥን ዘር አልተገኘምና።

እንግዲህ ሁለቱ በምን እንደ ተገናኙ ተመልከት። በዛብህ ወደዚያ ቤት የገባው ሰብለን ማንበብና መጻፍ ሊያስተምራት ነው። አስተማሪ ቃሉን ቀስ አድርጎ ይሰጣል፤ ተማሪዋ እስኪገባትም ይጠብቃል። ትእዛዝና ፉከራ በለመደ ቤት ውስጥ ይህ ዐይነቱ አነጋገር እንግዳ ነገር ነው፤ እኔ እንደሚመስለኝ ሰብለ አስቀድማ የወደደችው ይህንኑ ነው። ፍቅራቸውም ከመናገር ይልቅ በመፍራት ይታያል። ደራሲው እዚህ ላይ አለመቸኰላቸውን እወድላቸዋለሁ።

ደፍሮ የሚናገር ቢኖር ጉዱ ካሣ ነው፤ ስለ ደፈረም እንደ እብድ ቈጠሩት። እውነቱን ለመናገር፥ የእርሱ ንግግር አንዳንድ ጊዜ ስብከት እስኪመስል ይረዝማል፤ ልጅ ሳለሁ እነዚያን ገጾች እየዘለልሁ አልፍ ነበር።

ደራሲው ለቃል ምን ያህል እንደሚጠነቀቁ የሚያሳይ አንድ ሌላ ነገር አለ። ጠብቀው በሚነበቡት ፊደላት ራስ ላይ ነጥብ አድርገዋል። «ይሰማል» የሚለው ቃል ላልቶ ሲነበብ ሰሚውን፥ ጠብቆ ሲነበብ ግን የሚሰማውን ነገር ያመለክታልና፥ አንባቢው እንዳይሳሳት ብለው ነው። ሌሎች ጸሐፊዎች ብዙም አልተከተሏቸውም። ኋላ ግን ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በራዲዮ ሲያነበው፥ ፊደል የማያውቀው ሰው እንኳ ያንን ነጥብ በጆሮው አገኘው።

ከሁሉ አስበልጬ የማነበው ግን ሰብለ የመነኵሴ ልብስ ለብሳ በዛብህን ፍለጋ በእግሯ የሄደችበትን ክፍል ነው። የትልቅ ሰው ልጅ የነበረች ሴት፥ ማንም ሳያውቃት በመንገድ ትደክማለች። ስትደርስም በሞት አፋፍ ላይ ታገኘዋለች። አሁን የአባቷ ንግግርም፥ የወላጆቹ ስለትም፥ የእርሱ ቅኔም ዝም ብሏል። እነዚያን ገጾች ስጨርስ የጥንቱን ደብዳቤዬን አሰብሁ፤ ወደዚያ ልገለብጠው የምችል አንድም ዐረፍተ ነገር አላገኘሁባቸውም።