አክተር አይሞትም

ሰሞኑን አንድ የፊልም ባለሙያ ወዳጄ ‹‹ሶፋው ላይ ተጋድሞ የሚያይ ሰው ፊልም አየሁ ባይል ደስ ይለኛል›› አለኝ። ለእሱ ፊልም ማለት ሲኒማ ቤት ነው፤ ጨለማው፣ ትልቁ ሸራ፣ ከማታውቀው ሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ መቀመጡ። ሌላው ሁሉ ‹‹ፋይል መክፈት›› ነው ባይ ነው። እኔም ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን እንዲህ ያለ ነገር አብዝቼ እናገር ነበር። አሁን ግን አፌን ሞልቼ ‹‹ልክ ነህ›› እንዳልለው አብነት ይከለክለኛል።

አብነት ላደገ ሰው ቤትና ሲኒማ ቤት ያን ያህል ተራርቀው አያውቁም። በእርግጥ ሲኒማ ስንል በሰባተኛ አድርገን መርካቶ፣ ራስ ቴአትር እንሄድ ነበር (ታላላቆቻችን ‹‹ሲኒማ ራስ›› ማለቱን አልተውም)። ከዚያ ዴክ መጣ። አንድ ጎረቤታችን ሳሎናቸውን ባዶ አድርገው አግዳሚ ደረደሩበት። መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረዱት። በሩ ላይ ልጃቸው ቆሞ ሳንቲም ይቀበላል። እንግዲህ ይኼ ቤት ነው ወይስ ሲኒማ? ጓዳ ሽሮ ይንተከተካል፤ ሳሎን ብሩስ ሊ ይጮሃል። ኋላ ላይ፣ ጠዋት ተማሪ ፊት ቆሜ ስለ አርስቶትል ካታርሲስ ስተነትን ውዬ፣ ማታ ኮሌታዬን ቀና አድርጌ እዚያ አግዳሚ ላይ እሸጎጥ ነበር። አንድ ቀን ከጎኔ የተቀመጠው ተማሪዬ ሆኖ ተገኘ። ሁለታችንም አልተያየንም!

ወዳጄ የሚረሳው አንድ ታሪክ አለ። ተንቀሳቃሽ ምስል ሲጀመር የጋራ አልነበረም። በ1894 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ለሕዝብ የቀረበው የኤዲሰን መሣሪያ ሣጥን ነበር፤ ከፋዩ አጎንብሶ በቀዳዳ፣ ብቻውን ነው የሚያየው። የሉሚየር ወንድማማቾች ፓሪስ ላይ ከፋይ ተመልካች ሰብስበው ሸራ ላይ ያሳዩት በዓመቱ ነው፤ በታኅሣሥ 1895 እ.ኤ.አ.። ዛሬ ታክሲ ውስጥ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ትርጉም ፊልም የሚያየው ወጣት እንግዲህ ወደ ኤዲሰን ሣጥን ተመለሰ እንጂ አዲስ ኃጢአት አልሠራም። ደግሞስ በ1990ዎቹ በተለይም ወደ መጨረሻው የአማርኛ ፊልም ሲኒማ ቤቶቻችንን በሰልፍ የሞላው በምን ተቀርጾ ነው? ‹‹ሲኒማን ገደለ›› በተባለው በቪዲዮ ነው።

ታላቅ እህቴ ግን ያን አግዳሚ አንድም ቀን አልተቀመጠችበትም። ቪዲዮ ቤት የወንድ ነበር፤ ጭሱ፣ ጫቱ፣ ስድቡ። ሴት ልጅ ገባች ከተባለ ወሬው ቀድሟት ቤት ይደርሳል። ሲኒማ ቤቱም ቢሆን ‹‹ከማን ጋር ነበረች?›› ያስብላል። ወዳጄ የሚያደንቀው ‹‹ከማታውቀው ሰው ጋር ጨለማ ውስጥ መቀመጥ›› ለእህቴ ክስ ነበር። ስለዚህ ፊልሙን የምታየው በታናሽ ወንድማችን በኩል ነው። እራት ላይ ተነስቶ ይዘላል፣ ይወድቃል፣ የጥይቱን ድምፅ በአፉ ያሰማል። ‹‹ሞተ እንዴ?›› ስትለው፣ ‹‹አክተር ይሞታል እንዴ!›› ይላታል። እሱ በ1982 ከቤት እንደወጣ አልተመለሰም። የአፈሳው ዘመን ነው፤ ለሰፈራችን ሰው ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

የኃይሌ ገሪማ ‹‹ጤዛ›› በ2008 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ላይ የዳኞቹን ልዩ ሽልማት አግኝቶ እዚህ ሲታይ፣ ሲኒማ ቤት ገብቼ አየሁት። ወታደሮች ለጦርነቱ ወጣት ሲያሳድዱ፣ የመንደሩ ልጆች ዋሻ ውስጥ ሲደበቁ፣ ተነስቼ ለመውጣት ፈልጌ ነበር። አልቻልኩም። ከግራዬ የተቀመጠው፣ በዕድሜ የምንቀራረብ ሰው፣ መሐረቡን አፉ ላይ ይዞ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። በእሱ ጉልበት ላይ ተሻግሬ መውጣት ነውር መሰለኝ። እናም እስከ መጨረሻው ተቀመጥኩ። ሲኒማ ቤት ይኼን ያደርጋል፤ ፊልሙ አይቆምልህም፣ የጎረቤትህ ለቅሶም አያስወጣህም። እዚህ ላይ ወዳጄ ትክክል ነው፤ ቤቴ ብሆን ኖሮ ቡና ፈላ ወይ ብዬ እነሳ ነበር።

እህቴ ያየችው ከዓመታት በኋላ ነው፣ ቤቷ፣ በዲስክ። ያኔ ሪሞት የእሷ ሆኗል። ከ2008 ወዲህ ቃና ቴሌቪዥን በአማርኛ እያስተረጎመ የሚያሳየውን የቱርክ ድራማ ስትከታተል ሰው መጣ ቢሏት ዓይኗን አታነሳም፤ ሠላሳ ዓመት የቀረባትን የምታካክስ ነው የምትመስለው። (በጊዜው የሙያ ማኅበራት ባህላችን ጠፋ ብለው ሲቃወሙ እኔም ከተቃዋሚዎቹ ጎን ነበርኩ። እሷን ግን ‹‹ዝጊው›› የማለት ድፍረት አላገኘሁም።) ‹‹ጤዛ››ን ስታይ ዋሻው ጋ ስትደርስ አቆመችው። ‹‹ይበቃኛል›› ብላ ሄዳ ሰሃን ማጠብ ጀመረች። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ከመጀመሪያው ጀምራ አየችው፤ ሁለቱንም ጊዜ እዚያው ላይ አቆመችው።

ወዳጄ ይኼን ‹‹ፊልም ማየት›› ይበለው አይበለው እንጃ። እኔ ግን በሃያ ዓመት የማስተማር ሥራዬ እንዲህ አድርጎ አንድ ትዕይንት ያነበበ ተማሪ አላጋጠመኝም።

ባለፈው ፋሲካ ዶሮው ተበልቶ፣ ልጆቹ ወጥተው ሁለታችን ስንቀር፣ ዲስኩን አወጣችና ‹‹ዛሬ አብረኸኝ ተቀመጥ›› አለችኝ። መጋረጃውን ዘጋሁት። ዋሻው ጋ ስንደርስ ሪሞቱን አንስታ ለእኔ አቀበለችኝ።