ማኑዋል መጻፍ የት ይለመዳል?

የቴክኒክ ጽሑፍ ሙያ መማር የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው የትኛውን ኮርስ ልውሰድ፣ የትኛውን የኮምፒውተር ፕሮግራም ልልመድ ብሎ ነው። ሁለቱም ይጠቅማሉ። ጎበዙን ጸሐፊ ከሌላው የሚለየው ግን አንባቢው ወረቀቱን ይዞ ሥራውን ሲሠራ ቆሞ የማየት ልማድ ነው። ለዚህ የሆለታ ድንች ጥሩ ማሳያ ይሆናል። በ1958 ዓ.ም. ከተቋቋመው የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት ቀደምት ማዕከላት አንዱ ሆለታ ነው፤ ጃለኔ፣ ጉደኔና በለጠ የተባሉት የድንች ዝርያዎች የወጡትም ከዚያ ነው። ዝርያው ከማዕከሉ ግቢ ወጥቶ ማሳ ላይ እንደታሰበው ምርት እንዲሰጥ፣ ስለ አተካከሉና ስለ አያያዙ የተጻፈው መመሪያ አብሮት መድረስ አለበት። ልማት ሠራተኛውም ሆነ ገበሬው በሥራው ሰዓት ተመራማሪውን አጠገቡ አያገኘውም።

የዘር ድንች አቀማመጥን እንውሰድ። «የዘር ድንች ብትን ብርሃን በሚያስገባ መጋዘን በአግባቡ መቀመጥ ይኖርበታል» ብሎ የጻፈ ሰው አልተሳሳተም። ግን ማን ያስቀምጠው? በአግባቡ ሲባልስ ስንት ድርብ ነው? ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ፣ የሚበላ ድንች ብርሃን እንዳያገኘው ሲጠነቀቅ የኖረ ሰው ዘሩን ብርሃን ያግኘው ሲባል ተጠራጥሮ ወደ ጨለማ ሊመልሰው ይችላል። ስለዚህ ምክንያቱ አብሮ መጻፍ አለበት፤ በጨለማ የከረመ ዘር ረጅምና ነጭ ጉንቁል ያወጣል፣ ሲተከልም ይሰበራል፤ ብርሃን ያገኘው ግን አጭርና ጠንካራ ጉንቁል ይኖረዋል። ማስጠንቀቂያውም ከትእዛዙ መቅደም አለበት፤ በብርሃን አረንጓዴ የሆነ ድንች መርዝነት ስላለው አይበላም። ከዚያ በኋላ «ዘሩን ቀጥታ ፀሐይ በማያገኘው መደርደሪያ ላይ፣ ከሦስት ድርብ ሳያስበልጡ ያስቀምጡ» ማለት ይቻላል። እነዚህን ጉድለቶች የሰዋስው መጽሐፍ አያሳይም። የሚታዩት አንባቢው ድንቹን በእጁ ይዞ ሲያመነታ ነው።

በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ተጨማሪ ፈተና አለ። ግሳችን የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ርቀቱን፣ ማዳበሪያውንና ወቅቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ከደረደርን፣ አንባቢው ምን እንደታዘዘ የሚያውቀው ሁሉን አንብቦ ሲጨርስ ነው። ማሳ ላይ የቆመ ሰው እስከዚያ አይታገሥም። «በመስመርና በመስመር መካከል 75 ሳንቲ ሜትር ይተዉ። በተክልና በተክል መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ይተዉ።» ሲነበብ ደረቅ ነው፤ ሜትር ይዞ ለሚሠራ ሰው ግን የሚያስፈልገው ይኸው ነው። መጠንም እንደዚሁ ነው። ለድንች ለዓመታት ሲሰጥ የቆየው ምክር በሄክታር 195 ኪሎ ዳፕ ማዳበሪያ የሚል ነበር፤ ማሳው ሩብ ሄክታር ለሆነ ገበሬ ይህ 49 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ስሌቱን ጸሐፊው ሠርቶ ካልሰጠው በግምት ይጨምራል።

ጽሑፉ ሲቀል ሳይንሱም አብሮ ይሳሳል የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። ስጋታቸው ተገቢ ነው፤ የመድኃኒት ስምና መጠን በጸሐፊው ምርጫ አይቀየርም፣ ባለሙያው ሳያረጋግጠውም መታተም የለበትም። ይሁንና ማቅለል ሌላ፣ ማዛባት ሌላ ነው። ስህተት ነፍስ በሚያስከፍልበት በአውሮፕላን ጥገና፣ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ የሚሠራበት የቀላል እንግሊዝኛ ደንብ የሥራ ትእዛዝ ከ20 ቃላት እንዳይበልጥ ያዛል። አማርኛ ባለቤቱንም ተሳቢውንም በአንድ ግስ ስለሚይዝ ለእኛ 20 ቃል እንዲያውም ይበዛል። ገበሬው አያነብም፣ ልማት ሠራተኛው በቃል ይነግረዋል የሚለው ክርክር ደግሞ የጸሐፊውን ኃላፊነት ያከብደዋል እንጂ አያነሳለትም። በሆለታ ዙሪያ መመሪያው በአማርኛ ቢጻፍም ገበሬው የሚሰማው በአብዛኛው በአፋን ኦሮሞ ነው። በዚህ ሁሉ አልፎ ሳይጎድል የሚደርሰው አጭሩና በቅደም ተከተል የተጻፈው ነው።

ሙያውን ለመጀመር የሚያስቡ ሁሉ አንድ ገጽ መመሪያ ይጻፉና ሥራውን ለማያውቅ ሰው ይስጡት። ሲሳሳት አያርሙት፤ የቆመበትን ቦታ መዝግበው ገጹን እንደገና ይጻፉ። መመሪያ የሚያሳትሙ መሥሪያ ቤቶችም ረቂቁ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት ማሳ ላይ የሚፈተንበት ቢያንስ አንድ ቀን ይመድቡለት።